የዳካው ተቋም ገንዘብ ሲቋረጥ የሚጎድለው ከእኛም ቤት ነው

እ.ኤ.አ. በጥር ወር 2025 መጨረሻ፣ በባንግላዴሽ ዋና ከተማ በዳካ፣ የአንድ የምርምር ተቋም ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ሠራተኞች የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው። የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገሮች የሚሰጠውን እርዳታ በማገዱ ደመወዛቸው ይከፈልበት የነበረው ገንዘብ ቆሟል። ያ ሰሞን በየአገሩ እንዲህ ያለ ዜና የበዛበት ስለነበር የዳካው ጉዳይ ከብዙዎቹ አንዱ ሆኖ አለፈ።

እናንተ በሪያድ፣ በዱባይ፣ በኩዌት ወይም በዶሃ በሰው ቤት የምትሠሩ አንባብያን «የዳካ ሰው ከሥራ ቢሰናበት እኛን ምን አገባን?» ብትሉ አይፈረድባችሁም። የራሳችሁ ጭንቀት አለባችሁ፤ ደመወዙ፣ ኢቃማው፣ አገር ቤት ያሉት ልጆች። ግን ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጤና ጣቢያ የሚሰጠው ፓኬት፣ እርጉዝ ሳላችሁ የተወጋችሁት የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት፣ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ ያለው እርድ፣ ሁሉም ከዚህ ተቋም ጋር የሚያገናኝ ታሪክ አላቸው። ስለዚህ ጉዳዩ የእናንተም ነው። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኮሌራ ሆስፒታል»

የተቋሙ ሙሉ ስም «ዓለም አቀፍ የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል፣ ባንግላዴሽ» ነው። በምህጻረ ቃል አይሲዲዲአርቢ ይሉታል። የዳካ ሕዝብ ግን «ኮሌራ ሆስፒታል» ብሎ ነው የሚያውቀው። ሰፈራችሁ ያለውን የባንግላዴሽ ሾፌር ወይም የበቃላ ሠራተኛ «ሞሃካሊ ያለው ኮሌራ ሆስፒታል» ብላችሁ ብትጠይቁት ሳያውቀው አይቀርም። በዓመት ከ200 ሺህ የሚበልጡ ሕሙማንን በነጻ ያክማል። ለትርፍ ያልተቋቋመ ስለሆነ የሚከፋፈል ትርፍ የለውም፤ የሚኖረው መንግሥታትና በጎ አድራጊ ድርጅቶች በሚሰጡት ገንዘብ ነው።

የተመሠረተው በ1960 ነው። ያኔ አገሪቱ ምሥራቅ ፓኪስታን ትባል ነበር። ጅምሩ ሲቶ በተባለው፣ አሜሪካ በደቡብ ምሥራቅ እስያ ከወዳጆቿ ጋር በመሠረተችው የጦር ቃል ኪዳን ሥር የተቋቋመ የኮሌራ ላቦራቶሪ ነበር። ጊዜው የቀዝቃዛው ጦርነት ስለነበር ኮሌራ የድሃ ገበሬ ብቻ ሳይሆን የወታደርም ስጋት ነበር። ባንግላዴሽ ነጻ ከወጣች በኋላ፣ በ1978 መጨረሻ በወጣ የአገሪቱ ሕግ፣ ዓለም አቀፍ የምርምር ማዕከል ሆነ። ስለዚህ የመጀመሪያው ገንዘብ በፖለቲካ መጣ፤ በ2025ም በፖለቲካ ሄደ። በመካከሉ ባሉት ስድሳ አምስት ዓመታት ምን ተሠራ? ዋናው ጥያቄ እሱ ነው።

ጨው፣ ስኳርና ውሃ

ኮሌራ፣ አገር ቤት «አተት» እያልን የምንሰማው አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት፣ ሰውን የሚገድለው ውሃውንና ጨዉን አሟጥጦ ነው። ጤነኛ የነበረ ሰው ጠዋት ታሞ ማታ ሊሞት ይችላል። እስከ 1960ዎቹ ድረስ ሕክምናው አንድ ብቻ ነበር፤ በደም ሥር ፈሳሽ መስጠት፣ እኛ «ግሉኮስ መሰካት» የምንለው። ይህ ደግሞ መርፌ፣ ንጹሕ ፈሳሽ፣ የሠለጠነ ሰውና ሆስፒታል ይፈልጋል። በጎርፍ የተከበበ መንደር ያለች እናት ከእነዚህ አንዱም የላትም።

በ1968 ዴቪድ ናሊንና ሪቻርድ ካሽ የተባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች በዳካው ላቦራቶሪ ከአገሬው ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው አንድ ነገር ሞከሩ። ስኳርና ጨው በትክክለኛ መጠን በውሃ ተበጥብጦ ሲጠጣ፣ ስኳሩ በአንጀት ግድግዳ በኩል ሲያልፍ ጨዉን ይዞ ይገባል፤ ጨዉ ደግሞ ውሃውን ይስባል። አንጀቱ በኮሌራ ቢታመምም ይህ በር አይዘጋም። ለሕሙማኑ የወጣውን ያህል ሲያጠጧቸው በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ፍላጎት 80 በመቶ ያህል ቀነሰ።

ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1971 የባንግላዴሽ የነጻነት ጦርነት ጊዜ፣ ሚሊዮኖች ወደ ሕንድ ተሰደዱ። በድንበር ላይ ባለችው ቦንጋኦን ኮሌራ ገባ። ግሉኮሱ ሲያልቅ ዲሊፕ ማሃላናቢስ የተባሉ ሕንዳዊ ሐኪም የስኳርና የጨው ውሁዱን በበርሜል አስበጥብጠው ዘመዶች ራሳቸው ሕሙማኑን እንዲያጠጡ አደረጉ። ከመቶ ሕሙማን 30 ያህሉን ይገድል የነበረው በሽታ ከ4 በታች ወረደ። ዛሬ በጤና ጣቢያዎቻችን «ሕይወት አድን ንጥረ ነገር» ወይም ኦአርኤስ የሚባለው ፓኬት የዚህ ሁሉ ውጤት ነው፤ በዓለም ዙሪያ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎችን ከሞት አድኗል።

መገኘቱ ብቻ ግን አልበቃም። ብራክ የተባለው የባንግላዴሽ ድርጅት ከ1980 እስከ 1990 ባሉት ዓመታት ሴቶች አሠልጣኞችን ቤት ለቤት ልኮ ከ12 ሚሊዮን በሚበልጡ ቤቶች እናቶችን አስተማረ። ትምህርቱ በጣት ቆንጠር የሚደረግ ጨው፣ በእፍኝ የሚዘገን የሸንኮራ ስኳርና ውሃ ነበር። የአሠልጣኟ ክፍያ የሚወሰነው ስንት ቤት ገባች ተብሎ አልነበረም። ከተወሰነ ጊዜ በኋላ ሌላ ሰው ሄዶ እናትየዋን ይጠይቃል፤ ያስታወሰችውንና በትክክል የበጠበጠችውን ያህል ነበር የሚከፈላት። ማስተማር ማለት ተማሪው ሲገባው መሆኑን የሚያውቅ አሠራር ነው።

አሮጌ ሳሪና የሻምፑ ጠርሙስ

ከሌሎቹ ሥራዎቹ መካከል ጥቂቱን ልንገራችሁ። የኮሌራ ተሕዋስ ውሃ ውስጥ በሚኖሩ ደቃቅ ነፍሳት ላይ ተጣብቆ ይኖራል። ተሕዋሱ ራሱ ከማንኛውም ጨርቅ ያልፋል፤ ነፍሳቱ ግን አያልፉም። ሪታ ኮልዌል የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ ከዳካው ተቋም ባልደረቦች ጋር በማትላብ ወረዳ 65 መንደሮች ውስጥ፣ 133 ሺህ ያህል ሰው በሚኖርበት አካባቢ፣ ሴቶች ውሃ ሲቀዱ በታጠፈ አሮጌ ሳሪ እንዲያጠልሉ አደረጉ። ኮሌራ በግማሽ ገደማ፣ በ48 በመቶ፣ ቀነሰ። ውጤቱ በ2003 ታተመ። አሮጌው ሳሪ ከአዲሱ ይሻላል፤ ብዙ የታጠበ ጨርቅ ክሩ እየለሰለሰና እየሰፋ ቀዳዳው ይጠብባል። ጠላ በነጠላ ወይም በሻሽ ስታጠልል ያያት ሰው ነገሩ አይገርመውም። እርግጥ ማጠለል ማፍላትን ወይም እንደ ውሃ አጋር ያለ ማከሚያ መጨመርን አይተካም፤ ማገዶም ማከሚያም ለሌላት ሴት ግን ከምንም ይሻላል።

ሌላው የሳንባ ምች ነው። ትንፋሽ ያጠረው ሕፃን ሳንባው እንዳይኮማተር በግፊት አየር የሚሰጥ መሣሪያ ውድ ነው። መሐመድ ጆባየር ቺስቲ የተባሉት የተቋሙ ሐኪም በሥራቸው መጀመሪያ ዓመታት፣ በ1996፣ በአንድ ሌሊት ሦስት ሕፃናት በዚህ በሽታ ሲሞቱ አይተዋል። በኋላ ሻምፑ ጠርሙስ፣ ውሃና ተራ ቱቦ ወስደው ርካሽ መሣሪያ ሠሩ። ሕፃኑ በአፍንጫው ኦክስጅን ይገባለታል፤ የሚያስወጣው ትንፋሽ በቱቦ ወደ ጠርሙሱ ውሃ ይገባና አረፋ ይሠራል። ያ አረፋ የሚፈጥረው ግፊት ሳንባውን ክፍት ያደርገዋል። በ2015 በታተመው ጥናት በተለመደው ዝቅተኛ የኦክስጅን አሰጣጥ ከታከሙት ሕፃናት 15 በመቶ ሲሞቱ፣ በጠርሙሱ ከታከሙት የሞቱት 4 በመቶ ናቸው። ልዩነቱ ጎልቶ ስለታየ ሙከራው ከታቀደው ጊዜ በፊት ቆመ። ይህ ዘዴ እኛም አገር ደርሷል፤ ከዳካው ተቋም ጋር በመተባበር በኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ጥናት ተካሂዶበታል።

ሦስተኛው የምግብ ነገር ነው። በምግብ እጥረት የተጎዱ ልጆች ሆድ ውስጥ ያሉት ጠቃሚ ተሕዋስያን እንደ ዕድሜያቸው አላደጉም። የተቋሙ ኃላፊ ታህሚድ አህመድና አሜሪካዊው ጄፍሪ ጎርደን የሚመሩት ቡድን ሽምብራ፣ አኩሪ አተር፣ ኦቾሎኒና ያልበሰለ ሙዝ ያለበት ምግብ አዘጋጀ። በ2021 የወጣው የዳካ ሚርፑር ሰፈር ጥናት እንዳሳየው፣ ይህ ምግብ ከተለመደው የእርዳታ ምግብ ያነሰ ኃይል ሰጪ ቢሆንም ልጆቹ በእሱ የተሻለ ክብደት ጨመሩ።

ቢጫው እርድ

ይህኛው በቀጥታ ወደ ወጥ ቤታችሁ ይገባል። በባንግላዴሽ ገጠር ያሉ እርጉዝ ሴቶች ደም ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት በብዛት ተገኘ። ከየት እንደመጣ ፍለጋ ተጀመረ። የአሜሪካው ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲና የዳካው ተቋም ተመራማሪዎች በ2019 እንዳሳወቁት ዋናው ምንጭ እርድ ነበር። በ1980ዎቹ ጎርፍ እርዱን ስላበላሸውና ቀለሙን ስላደበዘዘው፣ ነጋዴዎች ደማቅ እንዲመስል እርሳስ ያለበት ቢጫ የቀለም ዱቄት መቀላቀል ጀመሩ። ጎርፉ ካለፈም በኋላ ልማዱ ቀረ፤ ገዢው ደማቁን ወዶ ስለነበር። እርሳስ የልጅን አእምሮ እድገት ይጎዳል፤ ለእርጉዝ ሴትና ለፅንሱም አደገኛ ነው።

ውጤቱ ይፋ ሲሆን የባንግላዴሽ የምግብ ደህንነት ባለሥልጣን ገበያ ወረደ። ሁለት ጅምላ ነጋዴዎች ተቀጡ፤ ዜናው በቴሌቪዥን ተላለፈ፤ ማስጠንቀቂያ በአሥር ሺዎች ተበተነ። ተመራማሪዎቹም ሥራችን አልቋል ብለው አልተቀመጡም፤ ተመልሰው ገበያውን መረመሩ። በ2019 ከተመረመረው የገበያ እርድ 47 በመቶው የተበረዘ ነበር፤ በ2021 አንድም አልተገኘም። በእርድ ወፍጮ ቤት የሚሠሩት ሰዎች ደም ውስጥ ያለው እርሳስም 30 በመቶ ገደማ ቀነሰ።

እንግዲህ በዓረብኛ «ኩርኩም» የሚባለውን እርድ ስትገዙ፣ ማብረቅረቁ ጥራቱን አያሳይም። መበረዙ በዓይን አይለይም፤ ምንጩ የማይታወቅ፣ በክፍት ጆንያ ተዘርግቶ ከሚሸጠው ይልቅ አምራቹ የተጻፈበትን የታሸገ መምረጥ ይሻላል። አገር ቤትም ባዕድ ነገር የተቀላቀለበት በርበሬና ቅቤ ተያዘ ሲባል ሰምታችኋል። የባንግላዴሹ ታሪክ እንደሚያሳየው መርማሪ ካለ፣ ባለሥልጣኑ ከሰማና ውጤቱ በአደባባይ ከተነገረ እንዲህ ያለ ማጭበርበር በሁለት ዓመት ሊጠፋ ይችላል።

እነዚህን ሁሉ ምን ያገናኛቸዋል?

ጨው፣ ሳሪ፣ ጠርሙስ፣ ሽምብራ፣ እርድ። አንድ ተቋም እንዲህ የተበታተነ ነገር ለምን ያጠናል? ነገሩ ግን የተበታተነ አይደለም። ምርምሩ የሚጀምረው ድሃዋ ሴት ቤቷ ውስጥ ካላት ነገር ነው። ለዚህም ነው ኩባንያዎች ሊሠሩት የማይፈልጉት። ጨውና ስኳር የማንም ንብረት አይደለም፤ አሮጌ ሳሪን በፓተንት መያዝ አይቻልም። ባዶ ጠርሙስ የሚሸጥ ሰው ለጥናት ሚሊዮን ዶላር አያወጣም። ለትርፍ ያልተቋቋመ ተቋም ትርጉሙ እዚህ ላይ ይታያል፤ ማንም ሊያተርፍበት የማይችለውን ግን ሁሉም የሚጠቀምበትን ነገር ያጠናል።

ሁለተኛው ማያያዣ ቆጠራ ነው። ከዳካ ውጭ ባለው ማትላብ ተቋሙ ከ1966 ጀምሮ የእያንዳንዱን ቤት ልደት፣ ሞት፣ ጋብቻና ስደት ይመዘግባል። ዛሬ በመዝገቡ ከ200 ሺህ የሚበልጥ ሰው አለ። ቤት ለቤት እየሄዱ የሚጠይቁት ደግሞ በአብዛኛው የአካባቢው ሴቶች ናቸው። በሀብታም አገሮች ይህን መንግሥት ይሠራዋል፤ በድሃ አገር ግን ሰው ሳይመዘገብ ተወልዶ ሳይመዘገብ ይሞታል።

ቆጠራው ምን እንደጠቀመ አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። በ1974 በማትላብ አንድ የኮሌራ ክትባት ሲሞከር፣ ለማነጻጸሪያ ለግማሾቹ ሴቶች የመንጋጋ ቆልፍ መከላከያ ያለበት ክትባት ተሰጣቸው። የኮሌራው ክትባት ብዙም አልረዳም። መዝገቡ ግን ሌላ ነገር አወጣ፤ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት የወሰዱት ሴቶች ከወለዷቸው ሕፃናት መካከል በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚሞቱት ጥቂት ነበሩ። ለእርጉዝ ሴቶች የሚሰጠው ክትባት ከቆመባቸው ማስረጃዎች አንዱ ይህ ሆነ። ማንም ባይቆጥር ኖሮ ማንም አያየውም ነበር።

በማትላብና በሌሎች ቦታዎች የተደረጉት የ1960ዎቹ ጥናቶች ደግሞ በመርፌ የሚሰጠው አሮጌው የኮሌራ ክትባት ጥበቃው አጭርና ደካማ መሆኑን አሳዩ። በ1973 የዓለም ጤና ጉባኤ መንገደኛ ሁሉ የኮሌራ ክትባት ወረቀት እንዲያሳይ የሚጠይቀውን ደንብ አነሳ። እናንተ ስትመጡ ያን ወረቀት በየድንበሩ ያልተጠየቃችሁት እንዲህ ያለ ጥናት ስለነበረ ነው። በምትኩ በአፍ የሚሰጥ የተሻለ ክትባት መጣ፤ እሱም በማትላብ ከ1985 ጀምሮ፣ በኋላም በዳካ፣ በፊርዳውሲ ቃድሪና ባልደረቦቻቸው ጭምር ተጠንቷል። በ2017 የሮሂንጋ ስደተኞች ወደ ባንግላዴሽ ሲጎርፉ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ተሰጥቷል።

«ድሃ ላይ ነው የሚሞክሩት»

ይህን ሐረግ ከብዙዎቻችሁ እንደምሰማው አውቃለሁ፤ ጥርጣሬውም ያለ ምክንያት አልመጣም። በድሃ አገሮች ሰው ሳይነገረው የተሞከረበት፣ መድኃኒቱ ሲገኝ ግን ሀብታሙ ብቻ የገዛበት ታሪክ በዓለም አለ። ስለዚህ ማንኛውም የምርምር ተቋም ሦስት ጥያቄ ሊጠየቅ ይገባዋል። ሰዎቹ ተነግሯቸው ፈቅደዋል ወይ? ውጤቱ መጀመሪያ የደረሰው ለተሞከረባቸው ነው ወይ? ጥናቱ ሲያበቃ ሕክምናው አብሮ ሄደ ወይስ ቀረ?

የዳካው ተቋም በሁለተኛውና በሦስተኛው ጥያቄ የሚያኮራ መልስ አለው። ሆስፒታሉ ዛሬም በነጻ ያክማል። ኦአርኤስ ከሁሉ በፊት የተጠቀመው የባንግላዴሽ ድሃ ነው፤ የተመራማሪዎቹ ብዛትም ዛሬ የአገሬው ተወላጅ ነው። ይህ ማለት ጥያቄው አያስፈልግም ማለት አይደለም። እናንተም ሆናችሁ ዘመዶቻችሁ በጥናት እንድትሳተፉ ብትጠየቁ ጠይቁ፤ ወረቀቱ በምትረዱት ቋንቋ ይነበብላችሁ።

ገንዘቡ ሲሄድ የሚቀረው ምንድን ነው?

ወደ 2025 እንመለስ። የአሜሪካ እርዳታ ሲቆም የታወቀው እውቀት አልጠፋም። ጨውና ስኳር ነገም ይሠራሉ። የሚጎዳው ቆጣሪው፣ መርማሪው፣ ቤት ለቤት የሚሄደው ሰው ነው። ከተሰናበቱት ብዙዎቹ በሳንባ ነቀርሳ፣ በቲቢ፣ ምርመራ ላይ የተሰማሩ ነበሩ። ያልተመረመረ ታማሚ እየሳለ ይኖራል፤ ለቤተሰቡም ለጎረቤቱም ያስተላልፋል። እናንተ ከመምጣታችሁ በፊት ደረታችሁን ራጅ የተነሳችሁት ለዚህ በሽታ ነው። «ሜዲካል ወደቀ» ተብሎ የጉዞ ሕልሙ በአንድ ቀን የፈረሰበትን ሰው የማያውቅ በመካከላችን የለም። ያ ሰው ቀድሞ በሰፈሩ ቢመረመርና ቢታከም ኖሮ በሽታው ይድን ነበር፤ የደላላ ዕዳም አይቀርበትም ነበር።

ነገሩ በባንግላዴሽ ብቻ አልቆመም። በዚያው ሰሞን የኢትዮጵያ ጤና ሚኒስቴር በአሜሪካ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞችን ውል አቋርጧል። የአሜሪካው የእርዳታ ድርጅት ዩኤስኤይድም በሐምሌ 2025 መጀመሪያ ሥራውን በይፋ ዘጋ።

አንዳንዶች «በሰው ገንዘብ መኖር መጨረሻው ይህ ነው፤ ድሃ አገሮች የራሳቸውን ይክፈሉ» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። አንድ ትልቅ ለጋሽ ሲወጣ ሺህ ሰው የሚበተንበት ተቋም አቋሙ ደካማ ነው። እናንተ ይህን ከማንም በላይ ታውቁታላችሁ፤ በአንድ ሰው ሐዋላ የሚተዳደር ቤተሰብ ያ ሰው ሥራ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ነጋሪ አትሹም። ባንግላዴሽ፣ ካናዳ፣ ስዊድንና ብሪታንያን የመሰሉ ሌሎች ደጋፊዎች ለዓመታት ባይኖሩት ኖሮ ጉዳቱ ይብስ ነበር።

ሌላው ግማሽ ግን ይረሳል። በዳካ የተገኘው እውቀት ለባንግላዴሽ ብቻ አልቀረም። የኦአርኤስ ፓኬት በአዲስ አበባም፣ በሪያድም፣ በኒውዮርክም ፋርማሲ ይሸጣል። ሁሉም የሚጠቀምበትን ነገር አንድ ድሃ አገር ብቻውን ይክፈል ማለት ፍትሕ አይደለም። ወዲያው የሚታይ ሞትም ስለሌለ ጉዳቱ ዜና አይሆንም። ሳይቆጠር የቀረ ሞት፣ ሳይመረመር የተሸጠ እርድ፣ ሳይጠና የቀረ ቀጣዩ የሻምፑ ጠርሙስ ፎቶ አይነሳም። ፖለቲከኛ በቀላሉ የሚቆርጠው ደግሞ እንዲህ ያለውን ወጪ ነው።

እስከዚያው በእጃችሁ ያለው

የእርዳታ በጀት በእናንተ እጅ የለም። የተረጋገጠውን እውቀት መጠቀም ግን በእጃችሁ ነው፤ በተለይ ከአገር ቤት «ልጁ ያስመልሰዋል፣ ያስቀምጠዋል፣ ብር ላኪ» የሚል ስልክ ሲመጣ። ብሩ እስኪደርስ የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶች ያልፋሉ። በእነዚያ ሰዓቶች የሚያስፈልገው ውድ መርፌ ሳይሆን የኦአርኤስ ፓኬት ነው። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው የውሃ ልክ ይበጠበጥ፤ አንዳንዱ ለአንድ ሊትር፣ አንዳንዱ ለአንድ ብርጭቆ ስለሆነ ልኩን ማንበብ ግድ ነው። ፓኬት ከሌለ አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ፣ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው። ጨው ማብዛት አደገኛ ነው። በትንሽ በትንሹ፣ ቢያስመልሰውም ትንሽ አቆይቶ እንደገና ይጠጣ፤ ጡት የሚጠባ ከሆነ ይጥባ። የተበጠበጠው ከ24 ሰዓት በላይ አይቀመጥ። ከ2004 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ ከዚሁ ጋር ለልጆች ዚንክ ከ10 እስከ 14 ቀን እንዲሰጥ ይመክራሉ፤ ከማስረጃዎቹ መካከል የባንግላዴሽ ጥናቶች ይገኛሉ። መጠኑን ጤና ጣቢያው ይነግራቸዋል። ልጁ መጠጣት ካቃተው፣ ዓይኑ ከጎደጎደ፣ ከደነዘዘ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰድ።

እናንተ በምትሠሩበት ቤትም ልጅ ሊታመም ይችላል፤ ራሳችሁም ልትታመሙ ትችላላችሁ። በዓረብኛ ተቅማጥ «ኢስሃል» ነው። ሰይደሊያ ሄዳችሁ ወይም ማዳምን «መሕሉል ጀፋፍ» ብትሏት ኦአርኤሱን ማለታችሁ እንደሆነ ይገባታል። እዚህ ላይ በትርጉም ሥራ ብዙ ጊዜ የሚያጋጥም ስሕተት አለ። «ጀፋፍ» በቀጥታ ሲተረጎም ድርቀት ነው፤ ፓኬቱን ያነበበችው «የድርቀት መድኃኒት» ስትል ሌላዋ የሆድ ድርቀት ይመስላታል። አይደለም፤ የሆድ ድርቀት በዓረብኛ «ኢምሳክ» ይባላል። ጀፋፍ የሰውነት ውሃ ማለቅ ነው። የአሠሪያችሁ ልጅ ከሆነ ምንም ከመስጠታችሁ በፊት ለወላጆቹ ንገሩ፤ ኋላ ለሚመጣ ጥያቄ መልስ ይሆናችኋል።

ዛሬ ማታ አገር ቤት ስትደውሉ እንግዲህ ከሰላምታው በኋላ አንድ ጥያቄ ጨምሩ። ልጆቹን የያዘችው እናታችሁ ወይም እህታችሁ ቤት ውስጥ ሁለት ሦስት ፓኬት ኦአርኤስ አላት? እንዴት እንደሚበጠበጥስ ታውቃለች? ከነገራችኋት በኋላ፣ የብራክ ሰዎች ያደርጉት እንደነበረው፣ መልሳ እንድትነግራችሁ አድርጉ።